ቅሪት አልተገኘም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ኬክ ገዛልኝ፤ ጋቢም አለበሱኝ። ኃላፊያችን ብድግ ብሎ «አቶ ታደለ በሥራ ዘመናቸው ያላዩትን ነገር ጽፈው አያውቁም» አለና አስጨበጨበልኝ። እኔ የኬክ ሳህኔን ይዤ፣ ይህ ሰው እያመሰገነኝ ነው ወይስ እየሰደበኝ እያልኩ ቆሜያለሁ። እውነቱን ነው፤ ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም። አንዲት ሴት ቤቷንም ቦታዋንም ያጣችው በዚሁ ምክንያት ነው። ሌላውን ሁሉ ረስቼዋለሁ ብል ውሸቴን አይደለም፤ እሷን ግን መርሳት አቃተኝ።

ሥራዬ ጉዳት መመዝገብ ነበር። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ቤት ሲቃጠል፣ ጎርፍ ሲወስደው፣ ናዳ ሲጫነው ከጭሮ ተነሥተን እንሄዳለን፤ ምን እንደነበረና ምን እንደቀረ ጽፈን እንመለሳለን። በዚያች ወረቀት መነሻነት ኮሚቴ ይቀመጥና ለእገሌ ቆርቆሮና ምስማር፣ ለእገሌ ብርድ ልብስ፣ ለእገሌ ምንም ብሎ ይወስናል። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ የመንግሥት ደመወዝ ነው። አበሉ ደግሞ የሄድንበትን አገር ከረሳነው በኋላ ነበር የሚመጣው። ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ «አመድ ጸሐፊ ነኝ» እለው ነበር፤ እየቀለድኩ የሚመስለው ብዙ ነው።

ከሸዋ ተመድቤ ስመጣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አፋን ኦሮሞ አንዲት ቃል አላውቅም፤ ጭሮን አሰበ ተፈሪ ሲሏት ነው የሰማኋት፤ ሁለት ዓመት ሠርቼ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነበር። ይኸው ሸመገልኩባት። የመጀመሪያ ቀን ከአንድ ረዥም ቀጭን ሰው ጋር አገናኙኝ፤ ጋሽ አሊዪ ይባላሉ፤ የበዴሳ ሰው ናቸው። አማርኛቸው የራሳቸው ነበር፤ ለሹሙም ለሕፃኑም «አንተ» ነው የሚሉት፤ ማንም ግን ተቀይሟቸው አያውቅም።

«አንተ ልጅ፣ መጻፍ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ዲፕሎማ አለኝ።»

«እንግዲያው እስክሪብቶህን ኪስህ ክተት። እኔ አውጣ ስልህ ታወጣለህ።»

አውጣ እስኪሉኝ ድረስ ሰባት ወር ፈጀባቸው። ያን ጊዜ ተናድጄባቸዋለሁ፤ አልደብቅም። ዲፕሎማ ይዤ ዱላ ተሸካሚ ሆንኩ እያልኩ ለእናቴ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አሁን ሳስበው ከሰው የተማርኩት ነገር ቢኖር የዚያ ሰባት ወር ብቻ ነው።

ጋሽ አሊዪ ወደ ወደቀ ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ ባለቤቱን «እንኳን ነፍስህ ተረፈች» ይላሉ። ከዚያ «በርህ የት ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። በየትም በኩል መግባት ሲቻል፣ ግድግዳ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ሰውዬው በሩ የነበረበትን ያሳያቸዋል፤ እሳቸውም ጫማቸውን አራግፈው «ቢስሚላህ» ብለው በዚያው ይገባሉ። እኔን በጎን ስገባ ካዩኝ መልሰው ያስወጡኛል። ቀጥሎ የአልጋው ራስጌ፣ የውሃው ጀሪካን፣ የልጆቹ መኝታ እያሉ እያንዳንዱን ቦታ ባለቤቱ በጣቱ እንዲያሳያቸው ያደርጋሉ። መጨረሻ ላይ በዱላቸው ግቢውን እየቆረቆሩ ይዞራሉ። እዚህ አገር ማሽላ የሚቀመጠው በመሬት ውስጥ ጉድጓድ ነው፤ አፉ ተደፍኖ አፈር ይለብሳል፤ ባለቤቱም ቢሆን ለባዕድ አያወራውም። መሬቱ ድም ድም ካለ ከሥሩ ጉድጓድ አለ ማለት ነው። «ቤት ይቃጠላል፣ ይወሰዳል» ይሉኝ ነበር፤ «ጉድጓድ ግን የትም አይሄድም። ጉድጓድ ካለ ሰው ኖሯል።»

አንድ ሌላ ደንብ ነበራቸው። ጽፈው ሳይጨርሱ አይቀመጡም፤ ውሃም ቢሆን አይቀምሱም። ሐረርጌ ውስጥ ይህን ማድረግ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ራሱ ከጎረቤት ተበድሮም ቢሆን እንግዳውን ሳያቀምስ አይሸኝም፤ እምቢ ካልከው ይቀየማል። ጋሽ አሊዪ ግን «ወላሂ፣ ስጨርስ እንኳን ሻይህን ራትህንም እበላለሁ» ብለው ይምላሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ከተቀመጥክ እንግዳ ነህ፤ እንግዳ የሰው ግቢ በዱላ አይቆረቁርም» አሉኝ።

ሚኤሶ ላይ ጎርፍ የአንድ ስልጤ ነጋዴ ሱቅ ሲወስድ ነበር እስክሪብቶዬን ያስወጡኝ። ጎርፉ ወርዶ ካለቀ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እኔም ኩራቴን ተሸክሜ «ሱቁ ሙሉ በሙሉ ወድሟል» ብዬ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ጻፍኩና ሰጠኋቸው። አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት።

«ወድሟል ምንድን ነው? ምን ቀረ?»

«ምንም አልቀረም፣ ጋሼ።»

«ምንም የሚባል ነገር አላህ አልፈጠረም። ሂድና ቁጠር።»

ሄጄ ደለሉን በእጄ ስዝቀው ዋልኩ። ስኳሩ ሟሙቶ ያለቀ ባዶ ጆንያ፣ የበር ማጠፊያ፣ የታሸገ ሳሙና፣ አንድ ሚዛን። ነጋዴው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጋሽ አሊዪ ሚዛኑን አንሥተው «ይሄ የት ነበር የሚቀመጠው?» ሲሉት ተነሣ። እዚህ ጋ ባንኮኒ፣ እዚያ የዘይት ጀሪካን፣ ከላይ ባትሪና ሻማ፣ እያለ የሌለውን ሱቅ ዞሮ ዞሮ አሳየን፤ እያለቀሰ ነው የሚያሳየን። ያን ሁሉ ጻፍነው። ኮሚቴውም ሰውዬው ነጋዴ እንደነበረ አልተጠራጠረም።

በመኪና ስንመለስ ቃል ያስተምሩኛል። አማርኛ አፍ የፈታሁት እኔ ነኝ፤ አስተማሪው ግን እሳቸው ናቸው፤ ወይ ጉድ! ቆሞ የነበረ ሲወድቅ ፍርስራሽ ነው፤ ከፍርስራሽ ድንጋይና ጭቃ መልሶ ይወጣል። ሸክላና መስታወት ስብርባሪ ነው፤ እሱ መልሶ አይሠራም። ቆርቆሮና እንጨት ቁርጥራጭ። ጎርፍ ያመጣው ደለል፣ ተራራ የጣለው ናዳ። እሳት ግድግዳ ላይ የሚተወው ጥላሸት ነው፤ ግድግዳው እስካለ ድረስ ቤቱን አመድ ሆነ ማለት ውሸት ነው። አንድ ጊዜ ደክሞኝ «የቤቱ ትራፊ» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን ቀደዱት። ትራፊ የሚባለው ሰው በልቶ የተረፈው ነው፤ ይህን ቤት ማን በላው አሉኝ። ረመጥን ያስተማረችኝ ግን ቦርደዴ የምትባል ከተማ ናት፤ አመድ ነው ብዬ ገባሁበት፤ ከሥር እሳቱ አልጠፋም ኖሯል፤ የፕላስቲክ ጫማዬ እግሬ ላይ ቀለጠ። ጋሽ አሊዪ እግሬን በውሃ እየነከሩ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ነበር።

በአገሬው ዘንድ ደግሞ ኦና የሚል አለ። እኛ ኦና የምንለው ባዶ ቤትን ነው፤ እነሱ ግን ቤት የነበረበትን ቦታም ይሉታል። ከቤቱ አንዲት ክር ባትቀር፣ ሣር ቢበቅልበት፣ የእገሌ ኦና ነው ይባላል፤ ማንም አይነካውም። ጋሽ አሊዪ ይህ ቃል በቅጹ ላይ እንዲገባላቸው ሦስት ኃላፊ ለምነዋል። ሦስቱም እናስብበታለን አሏቸው።

ጋሽ አሊዪ ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ በዴሳ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ የሳቸውን መንገድ አልለቅም ብዬ ነበር፤ እስከ ተወሰነ ጊዜም አልለቀቅኩም። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ወጣት ኃላፊ መጣልን፤ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ክፉ አይደለም። ቅጹን አሳጥሮ በኮምፒውተር አደረገው፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ፎቶና አንድ መስመር ብቻ። በዚያው ሰሞን አንድ ባልደረባችን ያልነበሩ ቤቶችን ተቃጠሉ ብሎ መዝግቦ ተገኘና ከሥራ ተባረረ፤ ክስም ተመሠረተበት። ኃላፊው ሰብስቦን «ከዛሬ ጀምሮ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ፤ ሰው ነገረኝ የሚባል ነገር አልሰማም» አለ። ልጆቼ ገና ትምህርት ቤት ነበሩ። ፈራሁ።

መሰላ በኩል ካለች ትንሽ ከተማ እሳት ተነሣ የተባለው በዚህ መሐል ነው። በአንድ ረድፍ ያሉ አሥራ ስድስት ቤቶች በነፋስ ተያይዘው ነደዱ። ነዳጅ የለም፣ መኪና የለም ሲባል በስምንተኛው ቀን ደረስን። ከጠዋት ጀምሬ አንዱን ከአንዱ ስል ቆይቼ ወደ ማታ አሥራ አራተኛው ቦታ ላይ የአዴ ሙሚናን ስም ጠራሁ፤ አዴ በአገሬው ወይዘሮ፣ ኦቦም አቶ ማለት ነው።

አዴ ሙሚና ባሏ የሞተባት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በጉሊት የምትሸጥ፣ አንዲት ልጅ ያለቻት ሴት ነች። ቤቱን የሠራላት ባሏ ነው። እንደ ጎረቤቶቿ ሁሉ ቤቷ ነድዷል፤ ያን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ በግራም በቀኝም አመድ ተቆልሏል። የእሷ ቦታ ላይ ግን አመድ የለም። አንዲት የከሰል ፍንካች የለችም። መሬቱ ተጠርጓል፤ አቧራው እንዳይነሣ ውሃ ተረጭቶበታል፤ መሐሉ ላይ አዲስ ሰሌን ተነጥፏል። እሷም ሻርፗን አስተካክላ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ና፣ ኦቦ፣ ግባ። ቁጭ በል። ደክሞሃል» አለችኝ።

«አመዱ የት ሄደ፣ አዴ ሙሚና?»

«ጠረግኩት!» አለች ደስ ብሏት። «ትላንት ቀበሌ፣ ከዞን ሰው ይመጣል፣ ሁላችሁም ቦታችሁ ላይ ጠብቁ አለን። እንዴት አድርጌ ነው እንግዳ አመድ ላይ የማስቀምጠው? ከሌሊት ጀምረን ከነኢማ ጋር ጠረግን።»

ነኢማ ልጇ ናት፤ ያኔ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አመዱን ለጎረቤት ጫት ማሳ ሰጥተውታል። የተቃጠለውን ቆርቆሮ ቁራሌው ወስዶታል፤ በእሱም ወተት ተገዝቷል። ድንጋዩን ሰው አጥር ይሥራበት ብለው ከመንገድ ማዶ ከምረውታል። ከቤቱ የተረፈውን የከሰለ ግንድ ደግሞ በሦስት ጉልቻ ሥር እያነደዱት ነበር፤ ከቡና ገለባ የሚፈላውን ሆጃ ሊያፈሉልኝ። ይህን ሁሉ በራሷ አፍ ነው የነገረችኝ፤ እየኮራች።

ተቀመጥኩ። አይ እኔ! ከጠዋት ቆሜያለሁ፤ ሰሌኑም ለእኔ የተነጠፈ ነው፤ ተቀመጥኩ። ወተትና ጨው የገባበትን ትኩስ ሆጃ በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁት፤ ጣፈጠኝ። እሷ ስለ እሳቱ ስታወራኝ ነፍሳችን ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ትላለች እንጂ አንድ ጊዜ አላማረረችም። በሯ የት እንደነበር አልጠየቅኳትም። ዱላም አልያዝኩም። ብይዝስ፣ ሆጃዋን እየጠጣሁ በየት በኩል ተነሥቼ ግቢዋን ልቆረቁር? ሾፌራችን ግርማ ከመኪናው «አቶ ታደለ፣ ይመሻል! መንገዱን ያውቁታል» እያለ ጥሩንባ ይነፋል። ስልኬን አውጥቼ አንድ ፎቶ አነሣሁ። ከዚያ ቅጹ ላይ፣ ከስሟ ትይዩ፣ ያየሁትን ጻፍኩ፤ «ቅሪት አልተገኘም።»

ማወቁንስ አውቃለሁ። ቤት እንደነበራት የማውቀውን ያህል ስሜን አላውቅም። ግን ያየሁትን ብቻ ተብያለሁ፤ ያየሁት ደግሞ የተጠረገ መሬት ነው። ለልቤ «ኮሚቴው ላይ አስረዳለሁ» አልኳት።

ኮሚቴው በሳምንቱ ተቀመጠ። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ይታያሉ፤ አመድ፣ አመድ፣ የተንጋደደ ቆርቆሮ፣ አመድ። ከዚያ የአዴ ሙሚና መጣ። ንጹሕ መሬት፣ ሰሌን፣ ከሰሌኑ ጎን ፈገግ ያለች ሴት፣ ስኒ። ከመሐላችን አንዱ «ይቺ ሴትዮ ሽርሽር ወጥታ ነው እንዴ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ «አቶ ታደለ፣ እርስዎ ነዎት የሄዱት። ቅሪት አልተገኘም ይላል። ልክ ነው?» አለኝ።

አፌን ብከፍት ኖሮ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ጠርጋው ነው፣ ለእኛ ክብር ብላ ነው፣ ጎረቤት ይመስክር ማለት ነው። ግን ያ የተባረረው ባልደረባችን ትዝ አለኝ፤ ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው፤ ለአንዲት ሴት ሲል ደንብ ጣሰ፣ ምን አግኝቶባት ነው መባሉ ታየኝ።

«ልክ ነው» አልኩ።

በዚያች «ልክ ነው» ስሟ ተሰረዘ። ለአሥራ አምስቱ ቆርቆሮ ተሰጠ። ይህ ብቻ ቢሆን ሰው ተረዳድቶ ጎጆ ይቀልስላት ነበር። ግን በዓመቱ የከተማዋ ፕላን ሲወጣ የእኛ መዝገብ ተጠየቀ፤ ቤት ተቃጥሎበታል ያልነው ቦታ ለባለቤቱ ጸና፣ ያላልነው ባዶ ቦታ ተባለ። የአዴ ሙሚና ቦታ ባዶ ስለሆነ ለመጋዘን ተሰጠ። ጎረቤቶቿ ቀበሌው በር ላይ ቆመው «ኩን ኦና ሙሚናቲ» ብለው ጮኸዋል አሉ፤ ይህ የሙሚና ኦና ነው ማለታቸው ነው። የሰማቸው የለም።

ሦስት ጊዜ ጭሮ ድረስ መጣች። የመጀመሪያውን ቀን በመስኮት አየኋት፤ ከጥበቃው ጋር ቆማ ስሜን እየጠራች ነው። «ኦቦ ታደለ ያውቀኛል። ቤቴ መጥቶ ሆጃ ጠጥቷል። እሱን ጥሩልኝ» ትላለች። እኔ ለጥበቃው፣ ፊልድ ወጥቷል በላት አልኩት። ሁለተኛም መጣች፤ ፊልድ ነው ተባለች። በሦስተኛው ቀን ከጠዋት እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት አጥሩ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችኝ፤ እኔ በኋላ በር ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

የመጋዘኑ መሠረት ሲቆፈር ነገሩ መልሶ መጣብኝ። ግርማ ከዚያ በኩል ዕቃ አድርሶ ሲመለስ፣ ለወሬ ያህል፣ «ያቺ ሰሌን ያነጠፈችልዎት ሴትዮ ቦታ ላይ ቆፋሪዎቹ ጉድጓድ ውስጥ ወደቁ፤ የድሮ የማሽላ ጉድጓድ ኖሯል፤ አንዱ እግሩ ተሰበረ» አለኝ። እሳቱ የተነሣው በድርቅ ዓመት ነበርና ጉድጓዱ ባዶ ስለነበር ይሆናል ያልነገረችኝ፤ ወይም ጉድጓድ ለባዕድ ስለማይነገር ይሆናል። ሰሌኑ የተነጠፈው ከጉድጓዱ አፍ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ነበር አለኝ ግርማ። 

ማስረጃ ነው! ቤት ለመኖሩ ከዚህ የበለጠ ምን ይምጣ? ያን ዕለት ቁጭ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ስህተቱ የእኔ መሆኑን፣ ጉድጓድ መገኘቱን፣ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ። ለኃላፊው ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ በሩን ዘጋው።

«ጋሼ፣ ይህ የተዘጋ ፋይል ነው። መጋዘኑ ግማሽ ደርሷል። ይህን ደብዳቤ ከተቀበልኩ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማነው? እርስዎ ነዎት። ጡረታዎ ደርሷል፤ ለምን ይነካኩታል?»

ደብዳቤውን አልቀደደብኝም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። መምረጡን ለእኔ ነው የተወልኝ፤ እኔም አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ጋሽ አሊዪ ቢሆኑ ምን ያደርጉ እንደነበር አላውቅም ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የደለልና የጥላሸት ዓይነት ሁሉ የማውቅ ሰው ለራሴ የምጽፈው ቃል ጠፋኝ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ የዚያች ከተማ ሰው አግኝቼ፣ አዴ ሙሚና በሕይወት አለች ወይ አልኩት። ልጇ እዚሁ ጭሮ ልብስ ቤት ተቀጥራ፣ ከእናቷ ጋር ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ክፍል ተከራይተው እንደሚኖሩ ነገረኝ። ከቤቴ በባጃጅ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሄድኩ። ስኳርና ወተት ይዤ ነበር፤ ምን ሲባል እንደያዝኩት አላውቅም። አርጅታለች፤ ዐይኗ ደክሟል፤ ድምፄን ስትሰማ ግን ለየችኝ።

«ኦቦ ታደለ! ነኢማ፣ ያ የዞኑ ሰውዬ መጣ!» አለች፤ ደስ ብሏታል። «ግባ፣ ግባ። ፊልድ ነህ እያሉኝ ስንት ጊዜ ተመለስኩ መሰለህ።»

ነኢማ አልተነሣችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ሄጄ ከፊታቸው ቆምኩ፤ ዛሬስ ሳልናገር አልቀመጥም ብዬ።

«አዴ ሙሚና፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ስምዎ የተሰረዘው በመንግሥት አይደለም፣ በቀበሌም አይደለም። በእኔ ነው። ቤትዎ ቅሪት የለውም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ቅሪት?» አለች።

«የቀረ ነገር ማለት ነው። አመድ፣ ቆርቆሮ... ስላልነበረ። ጠርገውት ስለነበር።»

ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ብውጣት ምን ነበረበት! በእኔ ነው ብዬ ብተወው ምን ነበረበት! እውነቱን ሁሉ ልናገር ብዬ፣ ትክክለኛው ሰው ነኛ፣ አንዲት ዝርዝር ሳላስቀር ተናገርኩት።

 አዴ ሙሚና ሻርፗን በጣቶቿ ማሻሸት ጀመረች።

«ስለ ጠረግኩት ነው?»

«አይደለም፣ አይደለም፣ እኔ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጎረቤት ማስመስከር ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አልሰማችኝም። «ከድጃ አልጠረገችም» አለች ለራሷ። ከድጃ የግድግዳ ጎረቤቷ ነበረች። «አመዱ ላይ ቁጭ ብላ ነው የጠበቀችህ። አንቺ ሰነፍ፣ እንግዳ ሲመጣ አታፍሪም ብዬ ሰደብኳት። ለእሷ ቤት ሰጧት።» በመዳፏ ጭኗን መታች፤ ደግማ መታች። «ነኢማ ደክሞኛል ስትለኝ በመጥረጊያው መታኋት። ጥረጊ ብዬ መታኋት።»

ጉልበቷን ይዤ ለመንኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ፤ ፈሪ ነኝ አልኩ፤ ኮሚቴው ሲጠይቀኝ ልክ ነው ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ። የምለው ሁሉ እውነት ነው፤ አንዱም ግን አልገባላትም። ነኢማ ብድግ ብላ ክንዴን ያዘችና ወደ በሩ ወሰደችኝ። ስኳሩንና ወተቱንም መልሳ እጄ ላይ አደረገችው።

ደጅ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «እናቴ ይህን ሁሉ ዓመት ስትኖር እናንተን፣ መንግሥትና ቀበሌ የምትባሉትን፣ እየረገመች ነው። ጠዋት ትረግማችኋለች፣ ማታ ትረግማችኋለች፣ ከዚያ ትተኛለች። ከዛሬ በኋላ ማንን እየረገመች ትተኛ? ይቅርታውን ለራስዎ ነው የፈለጉት፤ አገኙት? እንግዲህ ሁለተኛ እዚህ እንዳይመጡ።»

ጫማዬን አጠልቄ ልሄድ ስል አዴ ሙሚና ከውስጥ ልጇን ጠራቻት።

«ነኢማ፣ ከድጃ ግን ማን ነግሯት ነው ሳትጠርግ የተወችው?»

«ማንም አልነገራትም፣ አዮ» አለች ነኢማ፤ በሩንም ዘጋችው።